ነፋሱ ሲነፍስ እንጋግር?

ስለ ነፋስ ኃይል ሲወራ የዴንማርክ መፍትሔ ቶሎ ይጠቀሳል፦ ነፋሱ ሲበዛ በትርፉ ኤሌክትሪክ ውሃ ያሞቃሉ፣ በትልልቅ ታንከር ያስቀምጡታል፣ በቧንቧ ቤት ለቤት ያደርሱታል። ጎበዞች ናቸው። ግን ደባርቅ ላይ ቧንቧው የታለ? ብርዱማ አለ!

የእኛ ቤት ሙቀት የሚፈልገው በዋናነት ለምጣዱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ጎንደር ውስጥ 1,000 ቤት እኩል ሲጋግር አስቡት፤ 3 ሜጋዋት! ደግነቱ እንጀራ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚቆይ የመጋገሪያው ሰዓት ሊገፋ ይችላል። ታሪፉ ግን በፍጆታው መጠን እንጂ በሰዓቱ አይለይም። ታዲያ እናቶቻችን ነፋሱን ለምን ይጠብቁ?

ሌላው የሚዘነጋው ውሃችን ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት የአቅሙ ጣሪያ እንጂ የየሰዓቱ ምርት አይደለም። ነፋሱ ሲበረታ 460 ሜጋዋት አቅም ያለው ጣና በለስ ምርቱን ቀነስ አድርጎ ውሃውን ሐይቁ ውስጥ ማቆየት ይችላል፤ ሲደክም ይለቀዋል። ሐይቁ ባትሪ ሆነ ማለት ነው፤ ለዚህ ከዴንማርክ መኮረጅ አያስፈልገንም።

የሰፈሩ ትራንስፎርመር ምጣዶቹን ካልቻለ ግን ነፋሱም ሐይቁም ደባርቅ ያለችውን ጋጋሪ ከጭስ አያወጧትም። ውይይቶቻችን ላይ ስለዚህ ትራንስፎርመር ሲነሳ የምሰማው ጥቂት ነው።