የመጀመሪያ ጉርሻ ምስክርነት፤ ስለ ምግብ ትረካዎች የቀረበ ሒስ

የአንድን ሕዝብ ኑሮ ለማጥናት የተነሣ ሰው በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አስቀድሞ ከሚያሰፍራቸው ነገሮች አንዱ የቀረበለት ምግብ ነው። ቋንቋውን ገና አልለመደም፤ የዝምድናውን ሐረግ ገና አልቈጠረም፤ የእምነቱን ምሥጢር የሚያካፍለው ሰውም አላገኘም፤ ነገር ግን ከቤት እንደ ገባ ማዕድ ይቀርብለታል፤ ይቀምሳል፤ የቀመሰውንም ይጽፋል። ስለዚህ በጉዞ መጻሕፍትም ሆነ በተማሪዎቻችን የጥናት ጽሑፎች ውስጥ «የመጀመሪያ ጉርሻ ትረካ» ልንለው የምንችለው የጽሑፍ ዓይነት በብዛት ይገኛል። የታሪክ ምስክር ይመረመራል፤ የትውልድ ቈጠራ ይመረመራል፤ ይህ ዓይነቱ ትረካ ግን እንደ ጨዋታ ማሟያ ተቈጥሮ ሳይመረመር ያልፋል። እኔ የምለው፣ የመጀመሪያ ጉርሻ ትረካ ከምግቡ ይልቅ ስለ ቀማሹ ምላስ የሚናገር ሰነድ ነው፤ ዋጋውም ቀማሹ ምላሱ በምን እንዳደገ በመግለጡና ሁለተኛ ጊዜ ለመቅመስ በመመለሱ ይለካል ነው። ከተሳሳቱት መካከል አንዱ ራሴ ስለ ሆንኩ ሒሱን ከሌሎች ጀምሬ በራሴ ላይ አደርሰዋለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቀደምቶቹ ጀሮኒሞ ሎቦን እናንሣ። ይህ ፖርቱጋላዊ የጀዝዊት ማኅበር ቄስ ከ1625 እስከ 1634 በአገራችን ቈይቶ ያየውን ጽፏል፤ ጽሑፉም በ1728 በፈረንሳይኛ ከታተመ በኋላ በ1735 በሳሙኤል ጆንሰን እጅ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል። ሎቦ ሙቀቱ ያልለቀቀው ጥሬ ሥጋ በግብዣ ላይ እንዴት እንደሚቀርብና ሐሞት እንዴት እንደ ማባያ እንደሚፈስበት ይተርካል። አስተናጋጆቹ ብላ እያሉ ቢያስጨንቁት ያመለጠው፣ ይህ ምግብ ለእንደ እኔ ያለ ሰባኪ ከመጠን ያለፈ ምቾት ነው በማለት መሆኑን ይነግረናል። እንግዲህ ሎቦ ሥጋውን አልቀመሰም፤ ስለ ጣዕሙም የሚያስተምረን ነገር የለም። ይሁን እንጂ ትረካው ከብዙ ቀማሾች ትረካ ይበልጥብኛል። ጥሬው ሥጋ የክብር ምግብ መሆኑን፣ የክብርን ምግብ እንቢ ማለት ምክንያት የሚጠይቅ መሆኑን፣ ተቀባይነት የሚያገኘውም ምክንያት ምግቡን የሚያዋርድ ሳይሆን ራስን ዝቅ የሚያደርግ መሆኑን ከዚያች አጭር ማመካኛ እንማራለን። ዛሬም ቢሆን ከባላገር ቤት ገብቶ ያልለመደውን ምግብ የማይበላ እንግዳ ጨዋ ከሆነ የሚያመካኘው በጤናው ወይም በጾሙ ነው እንጂ በምግቡ አይደለም።

ጄምስ ብሩስ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ነው። በ1769 ምጽዋ ደርሶ በጎንደር ቤተ መንግሥት ዘንድ ከቈየ በኋላ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአክሱም አካባቢ ሦስት ወታደሮች ከነሕይወቷ ካለች ላም ሥጋ ቈርጠው ቁስሉን በቆዳዋ መልሰው ሲነዷት አየሁ ብሎ ጻፈ። የለንደን ሰዎች ሐሰተኛ አሉት። ሔንሪ ሶልትም በመጀመሪያ ጉዞው ማግሥት ተጠራጥሮት ነበር፤ በኋላ ግን በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በትግራይ ብዙ ዘመን የኖረውን የናታንኤል ፒርስን ቃል ጠቅሶ ነገሩ በዓይን የታየ መሆኑን አስታወቀ። ክርክሩ «እውነት ነው» ወይስ «ሐሰት ነው» በሚለው ላይ ብቻ ስለ ተተከለ፣ ይህ የሆነው በዘመቻ መንገድ ላይ ባሉ ወታደሮች ዘንድ እንጂ በማዕድ ዙሪያ አለመሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። የጥቂት ወታደሮች የመንገድ ሥራ የአንድ አገር ገበታ ተደርጎ ተነበበ። የዚህ ጥፋት ከፊሉ የብሩስ፣ ከፊሉ የአንባቢዎቹ ነው።

ሁለተኛው ብሩስ በዚያው መጽሐፍ ስለ ዕፀዋት በጻፈው ክፍል ውስጥ ይገኛል። እዚያ እንሰትን በሥዕል አስደግፎ ሲገልጥ፣ ግንዱ ተቀቅሎ ሲበላ ገና በደንብ ያልበሰለ የአዲስ ስንዴ ዳቦ ጣዕም እንዳለው፣ በወተት ወይም በቅቤ ሲበላም ለሰውነት የሚስማማና ገንቢ መሆኑን ይናገራል። ይህ አነጋገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀማሹ በምን ምላስ እንደ ቀመሰ ይነግረናል። የስኮትላንዱ ሰው መለኪያው የስንዴ ዳቦ ነው፤ ይህንንም አልደበቀም። ስለዚህ አንባቢው ሚዛኑን አውቆ ክብደቱን ራሱ ሊያሰላው ይችላል። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል፦ ብሩስ የቀመሰው ተቀቅሎ የቀረበውን እርጥብ እንሰት ነው፤ በጉድጓድ ተቀብሮ የኮመጠጠውን ቆጮ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ተክል ይውጡ እንጂ፣ ወተትና አይብ አንድ ናቸው የማይባሉትን ያህል ይለያያሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ ያደግሁት በጤፍ እንጀራ ነው። እናቴ ሊጡን በጣቷ ነክታ ቀምሳ «አፍለኛ ነው»፣ «ደርሷል»፣ «ኮምጥጧል» ስትል በልጅነቴ ሰምቼ ልዩነቱን አውቃለሁ፤ እርሾውና አብሲቱ ቢጓደል የመጀመሪያው ቁራሽ ይነግረኛል። ይህ ምላስ አዲስ አበባ ካለ አንድ የክትፎ ቤት ከባልደረቦቼ ጋር ገባ። አስተናጋጁ ክትፎው ጥሬ ይሁን፣ ለብለብ ይሁን ወይም የበሰለ፣ ደግሞም በእንጀራ ይሁን ወይም በቆጮ ብሎ ጠየቀን። ለዕውቀት ስል ቆጮ አልኩ። በሦስት ማዕዘን የተቈረጠ፣ የቀዘቀዘና ጠርዙ የደረቀ ነገር ከአይብና ከጎመን ጋር በትንሽ ሳሕን መጣ። ማታ በደብተሬ ላይ «ኮምጣጣ፤ ጣዕም የሌለው፤ ለማኘክ የሚያስቸግር» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ደረጃ መራራቅ ያለውን የጤፍ ኮምጣጤ የሚለየው ምላስ እዚህ ሲደርስ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ያን ጊዜ ግን የድህነቱን ምክንያት በቆጮው ላይ ጣልኩት።

ይህ በደብተር ቢቀር ባልከፋ። ቈይቼ ስለ አገራችን የምግብ ሰብሎች ትምህርት ስሰጥ፣ እንሰት ድርቅን የሚችል መሆኑን ከተናገርኩ በኋላ ቆጮን «የችግር ጊዜ ምግብ» ብዬ መደብኩት። የትምህርቱ ማስታወሻ ተባዝቶ ታደለ፤ ሁለት የመመረቂያ ጽሑፎችም ቃሌን እንደ ማስረጃ ጠቅሰውት በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በዚያ ክፍል ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከበሩ አጠገብ ጠበቀኝና በትሕትና፣ «መምህር፣ እናቴ የምትፍቀው የችግር ጊዜ ምግብ አይደለም። እኛ ቤት የቈየው ቆጮ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለመስቀል ወደ ቤት እንደሚሄድ ነግሮኝ ስለ ነበር አብሬው ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ።

ከእምድብር ወዲያ ባለው መንደር፣ በሰፊው የሣር ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ቈየሁ። እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ እንደ ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ ቆሟል። መትከሉና ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወሩ በአብዛኛው የወንዶች፣ መፋቁና መቅበሩ የሴቶች ሥራ ነው። ሴቶቹ የግንዱን ልባስ በእንጨት ሰሌዳ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ ጭማቂው ረግቶ ቡላ፣ ጭረቱ ተለይቶ ቃጫ ይሆናል፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ነው፤ የተፋቀው ደግሞ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። በከተማ «ቆጮ» በምትባል አንዲት ቃል የተጠቀለለው ሥራ ይህን ሁሉ ያህል ነው።

በሁለተኛው ማታ የተማሪው እናት ከሦስት ጉድጓድ የወጣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው በምጣድ ጋግረው በየተራ አቀረቡልኝ፤ አንዱ የሦስት ወር፣ አንዱ የአንድ ዓመት፣ አንዱ ከሁለት ዓመት ያለፈው ነው። ሁሉም ትኩስ ነበር፤ ቅጠሉም ሽታውን አካፍሎታል። እርሳቸው በጉራጊኛ እየተናገሩ ልጃቸው ይተረጕምልኝ ነበር። የቱ እንደሚሻል ጠየቁኝ። መለየት አልቻልኩም፤ ይህንንም አልደበቅሁም። ሣቁና የእኛ እንጀራ ስንት ቀን እንደሚቈይ ጠየቁ።

«ሦስት ቀን፤ ቢበዛ አራት» አልኩ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ይሻግታል፤ ካልሆነም ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል።»

«ይህ መጨረሻ ላይ የበሉት ልጄን የዳርኩ ጊዜ የቀበርኩት ነው» አሉ፤ ሌላም አልጨመሩም።

በማግሥቱ ቀምሼ የሦስት ወሩን ከሁለቱ ለየሁ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም ለየሁ፤ የቈየው ኮምጣጤ ለስላሳና ረጋ ያለ ነው፤ የአዲሱ ኮምጣጤ ስለታም ሆኖ ቶሎ ይጠፋል። ለዚህ ልዩነት የቤቱ ሰዎች ቃል አላቸው፤ የጐደለው የእኔ መዝገበ ቃላት ነበር። ጣዕም የለውም ብሎ መጻፍ፣ የማላውቀውን ቋንቋ ሰምቼ ትርጕም የለውም እንደ ማለት ነበር።

የምግብ ቤቱን ጕዳይ ደግሞ ለብቻው ማየት ይገባል። የምግብ ቤትን ማዕድ የማጥላላት ሐሳብ የለኝም፤ ክትፎ ቤቶቹ ራሳቸው ጥናት የሚገባቸው ናቸው፤ ከጉራጌ አገር ወደ ከተማ የፈለሰው ሰው ለሥራና ለንግድ ያቋቋማቸው ናቸውና። ስሕተቱ የምግብ ቤቱን ገበታ የቤቱ ገበታ አድርጎ መጻፍ ነው። በቤት ውስጥ የዕለት ምግብ ቆጮ ሲሆን ክትፎ የመስቀልና የክብር ነው፤ በምግብ ቤት ግን ክትፎው ዋና፣ ቆጮው ተከታይ ሆኖ ይመጣል። በየዕለቱ ያለ ክትፎ የሚበላው ቆጮ፣ ጎመኑ፣ የሚቈጠበው ቅቤ፣ በሰው ፊት አብዝቶ ላለመብላት የሚደረገው ጥንቃቄ፣ እነዚህ ከከተማው ጠረጴዛ ላይ አይታዩም። ዊሊያም ሻክ በ1966 ጉራጌዎችን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ በሰየመበት መጽሐፍ፣ ቀጥሎም በ1971 በጻፈው ጽሑፍ፣ ምግብ ሳይጠፋ ቈጥቦ የመብላትን ሥርዓት በሰፊው ተመልክቶታል። በመደምደሚያዎቹ ሁሉ ባልስማማም፣ የተነሣው ከገበታው ጠባይ እንጂ ከራሱ ምላስ ስላልሆነ ከእኔ ደብተር እጅግ የተሻለ ምስክር ነው።

ከማመስገንም የሚመጣ ስሕተት አለ። በ1997 በአሜሪካ ስለ እንሰት እርሻ የታተመው የታወቀ ጥናት አርእስቱ «የረኃብ መከላከያ ዛፍ» የሚል ነው። በውስጡ ያለው ዕውቀት ብዙ ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርበትን ተክል ላላወቀው ዓለም አሳውቋል። ስሙ ግን ተክሉን ከረኃብ ጋር አጣምሮ ያስረዋል። ስንዴን ወይም ጤፍን በዚህ ስም የጠራ የለም፤ እነርሱም ረኃብን የሚከላከሉ ሆነው ሳለ። አርእስቱን ብቻ አንብቦ የሚሄድ ሰው እኔ በክፍል ውስጥ ከተናገርኩት ስሕተት አጠገብ ይደርሳል።

ስለ እንጀራችን የተጻፈውን ስናነብ ይህ ሁሉ ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም ነበር። እንጀራን በእርጥብ ስፖንጅ የመሰሉ የውጭ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም፤ ያን ስናነብ እንቈጣለን። እኔም ተቈጥቼ ነበር፤ ያውም ስለ ቆጮ ያን ሦስት ቃል በጻፍኩበት ዓመት።

ለተማሪዎቼ ከዚያ ወዲህ የምሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው። ስለ አዲስ ምግብ የሚጽፍ ሁሉ በምን ምግብ እንዳደገ፣ የት፣ በማን እጅና በስንተኛው ጊዜ እንደ ቀመሰ፣ ምግቡ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑን ያስፍር፤ «ጣዕም የለውም» የሚል ጽሑፍ ካለበት እመልስለታለሁ። አንዳንዶቹ ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር ያዩታል።

ሁለቱን የመመረቂያ ጽሑፎች ከቤተ መጻሕፍቱ ፈልጌ አገኘሁ። በሰው ሥራ ላይ መጻፍ ስለማይገባ፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን የሚገልጥ ወረቀት ከኃላፊው ጋር ተነጋግሬ በየሽፋናቸው ውስጥ አስቀመጥኩ። የራሴን ደብተር ግን አልሰረዝኩም። ባለፈው መስቀል የተማሪዬ እናት በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በልጃቸው እጅ ልከውልኝ፣ ባለቤቴ በምጣድ አሙቃ አቀረበችው። ትንሿ ልጄ «የኮመጠጠ እንጀራ ይመስላል» አለች። ከቀድሞው ገጽ ሥር ቃሏን፣ ቀኑን፣ የጉድጓዱን ዕድሜና ልጅቷ በጤፍ ያደገች መሆኗን ጻፍኩ።