ወርቃማው ሰዓት መተማ ላይ ሲቆጠር

የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያን ለመሆን ብትመዘገቡ ቶሎ ከምትሰሟቸው ሐረጎች አንዱ «ወርቃማው ሰዓት» ነው። ክፉኛ የተጎዳ ሰው በ60 ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል ከደረሰ የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ካለፈ ግን ያሽቆለቁላል ይላል ትምህርቱ። ሐረጉ ያምራል፤ ለማስታወስም ቀላል ነው። ግን ይህ ሰዓት የተቆጠረው የት ነው? እስቲ ሐሳቡን ይዘነው ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንውረድና እዚያ ይሠራ እንደሆነ እንፈትነው።

መጀመሪያ አመጣጡን እንይ። ሐረጉን ያስተዋወቁት አር አዳምስ ካውሊ የተባሉ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ባልቲሞር ውስጥ ለከባድ ጉዳት ብቻ የሚያገለግል ማዕከል አቋቁመው፣ ቁስለኞች በሄሊኮፕተር እንዲመጡላቸው አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለርነር እና ሞስካቲ የተባሉ ተመራማሪዎች የሐረጉን ምንጭ ወደ ኋላ ሄደው ሲፈልጉ፣ በተለይ 60 ደቂቃን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም። እንዲህ ሲባል ግን ጊዜ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የመተንፈሻ ቧንቧው የተዘጋ ሰው ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ከትልቅ የደም ሥር የሚደማም እንደዚያው። ካውሊ ሐኪሞችን ስለ ጊዜ እንዲጨነቁ ማድረጋቸው ትልቅ ሥራ ነው። ቁጥሩ ግን የከተማ ቁጥር ነው፤ መንገድ፣ ሄሊኮፕተርና ቅርብ ሆስፒታል ያለው ሰው ቁጥር።

አሁን ሒሳቡን መተማ ላይ እንሥራው። መተማ ዮሐንስ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት፣ ከሱዳን ጋር የምታዋስነን ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አምቡላንሱ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ 3 ሰዓት ይፈጅበታል። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ገንዳ ውኃ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይኼ ጥሩ ነው፤ በወርቃማው ሰዓት ውስጥ ይገባል። ነገር ግን የሚጎዳው ሰው ሁሉ አስፋልት ዳር ቆሞ አይጠብቅም። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የሰሊጥ እርሻዎች ላይ በየክረምቱ ከደጋ የወረደ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይሰማራል። መሬቱ ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ለመኪና አይሆንም። እርሻው ከአስፋልቱ 24 ኪሎ ሜትር ገባ ያለ ነው እንበል። ትራክተር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየጎተተ ቢያወጣው 3 ሰዓት ይሄዳል። ወርቃማው ሰዓት ሦስት ጊዜ አለቀ፤ በሽተኛው ግን ገና አስፋልት አላየም።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። አምቡላንስ ላይ ከሚጫኑት የኦክስጅን ሲሊንደሮች አንዱ የተለመደ መጠን ሲሞላ 680 ሊትር ያህል ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ብትሰጡ ስንት ጊዜ ይቆያል? 68 ደቂቃ። ወርቃማው ሰዓት ብረት ውስጥ ተሞልቶ ማለት ይኼ ነው! መሣሪያው ሲመረጥ እንኳ የከተማው ርቀት አብሮ ታስቧል። ለ3 ሰዓት ጉዞ 1800 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሦስት ሲሊንደር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በሌላ በኩል፣ የበሽተኛው የደም ኦክስጅን መጠን እየተለካ ፍሰቱን ወደ 3 ሊትር ማውረድ የሚቻል ከሆነ፣ ያው አንዱ ሲሊንደር 3 ሰዓት ተኩል ያልፋል። የግፊት መለኪያው ግማሽ ላይ ሲደርስ የቀረው ጊዜም ግማሽ ነው። ይህን ማካፈል በአእምሮው የሚሠራ ቴክኒሺያን በሽተኛውን ጎንደር ያደርሰዋል። የማይሠራው ግማሽ መንገድ ላይ ባዶ ብረት ታቅፎ ይቀራል።

ሁለት ምሳሌ ልጨምር። አንደኛው ሙቀት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት መተማ ላይ ቀኑ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ሙቀት የጣለውን ሠራተኛ መኪና ላይ ጭኖ መሮጥ ትክክል ይመስላል። የሕክምናው መመሪያ ግን «መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጓጉዝ» ነው። ለምን? 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሰውነቱን ሙቀት በ3 ዲግሪ ለመቀነስ 630 ኪሎ ጁል ያህል ማውጣት አለበት። አንድ ሊትር ውኃ ከቆዳ ላይ ሲተን 2400 ኪሎ ጁል ገደማ ይወስዳል። አካፍሉት፤ ከሩብ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሰውነቱ ሙቀት ማመንጨቱን ስለማያቆምና መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ስለማይቆጠር፣ በተግባር ብዙ እጥፍ ውኃ ይፈልጋል። ቢሆንም አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ጥላና ማራገቢያ የሚሆን ነጠላ እርሻው ላይ አይጠፋም። መድኃኒቱ ያለው እዚያው ነው፤ 3 ሰዓት ርቆ አይደለም።

ሁለተኛው እባብ ነው። በምዕራብ አርማጭሆ፣ አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለተነደፈ ሰው ቦታው ላይ የሚደረገው ይታወቃል። አይበጣም፣ አይመጠጥም፣ በገመድ ጠብቆ አይታሰርም። የተነደፈው እግር ወይም እጅ በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል፤ የተነደፈበት ሰዓት ይጻፋል። ደም መቅዳት የተፈቀደለት ባለሙያ ካለ ደግሞ አንድ ቀላል ምርመራ አለ። 2 ሚሊ ሊትር ደም አዲስና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረግና 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ አንዴ ዘንበል ሲደረግ እንደ ውኃ ከፈሰሰ፣ መርዙ ደም የመርጋት ችሎታውን አጥፍቶታል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ውጤቱ ያሳስታል፤ ደም እንዲረጋ የሚቀሰቅሰው የብርጭቆው ገጽ ነውና። የዚህ ሰው መዳኛ የእባብ መርዝ ማርከሻ ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ «በምን ያህል ፍጥነት ልንዳ?» ሳይሆን «ማርከሻው የት አለ?» ነው። ማርከሻ ወደሌለበት ሆስፒታል በፍጥነት መብረር ጊዜ ማባከን ነው።

የእኔ ትችት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አገራችን በዚህ መስክ ብዙ ሠርታለች። ለየወረዳው አምቡላንስ ተከፋፍሏል። ሙያው በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ይሰጣል። የሰመመን ባለሙያው ክብረት አበበ ጠብታ አምቡላንስን ሲመሠርቱ ቤታቸውን ሸጠዋል። ይሁንና መለኪያችን አሁንም መኪናና ፍጥነት ነው፦ ስንት አምቡላንስ ተገዛ፣ በስንት ደቂቃ ደረሰ። ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ ያለው ሾፌሩና የበሽተኛው ቤተሰብ ብቻ ነው። ለመተማ የሚሆን ሥልጠና ከማድረስ በፊት ማቆየትን ማስተማር አለበት፤ አንድን ሰው ለ3፣ ለ5፣ ለ6 ሰዓት በሕይወት ማቆየትን። የጸጥታ ችግር መንገዱን ሲዘጋ ደግሞ ሰዓቱ ከዚህም ይረዝማል።

«ሰው በግማሽ ከማሠልጠን መንገድና ሆስፒታል መሥራት ይሻላል» የሚል ይኖራል። መንገዱማ ይሠራ! ዋልካው ግን ዘንድሮም ክረምት ላይ ያብጣል። በከፊል የሠለጠነ ሰው ጉዳት ያደርሳል የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ መፍትሔው የሚፈቀድለትን ሥራ ለይቶ መጻፍና በስልክ ከሐኪም ጋር ማገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ፒትስበርግ፣ ፍሪደም ሃውስ በተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች በዶክተር ፒተር ሳፋር ሥልጠና ተሰጥቷቸው በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቁ ሠራተኞች ወጥቷቸዋል። የተመለመሉት ከዚያው ከሚያገለግሉት ሠፈር ነበር። እኛም ብንሆን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ልኳል። ከመነሻ ምክንያቶቹ አንዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያን ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ትምህርቱ የተቀዳው ከቦታው ችግር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን ሙያ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አሠልጣኞቹን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ሆስፒታሉ 5 ሰዓት ቢርቅ ምን እንደማደርግ ታስተምሩኛላችሁ? ከትራክተር ሹፌሩ፣ ከሠራተኞቹ አለቃና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አብሬ እንድሠራስ ታለማምዱኛላችሁ? መልሱ «በቶሎ ታደርሳለህ» ብቻ ከሆነ፣ ሥልጠናው የተዘጋጀው ለሌላ አገር በሽተኛ ነው።