ፋይሉ የት ነው ያለው? በሩቅ ሰርቨር ላይ ፋይል የማረሚያ ዘዴዎች ሲመዘኑ

በሩቅ ሰርቨር ላይ የሚገኝን ፋይል ከራስ ኮምፒዩተር ሆኖ ለማረም የሚያስችሉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑትም በምቾታቸው ነው። ይህ መመዘኛ ለባለሙያ ይበቃ ይሆናል፤ ለተማሪ ግን አይበቃም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መምህሩ አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ «እውነተኛው ፋይል አሁን የት ነው ያለው?» የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ፋይሉን አውርዶ፣ አርሞ፣ መልሶ መጫን ነው። ለዚህ ሲያገለግል የኖረውን ኤፍ.ቲ.ፒ. የተባለ የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ በ1971 እ.ኤ.አ. የነደፈው አብሃይ ቡሻን ነው። መስመር ቢቋረጥም የእርማቱ ሥራ አለመቆሙ የዘዴው ጥቅም ነው። ሆኖም ደንቡ በጥንተ መልኩ የይለፍ ቃልን ሳይሰውር ያስተላልፋል። ከዚህም በላይ ቅጂው ሁለት ይሆናል። ሁለት መምህራን አንድን የውጤት መዝገብ ጧት አውርደው በየፊናቸው ቢያርሙ፣ ዘግይቶ የጫነው የቀደመውን ሥራ ይደመስሳል፤ የተማሪዎችም ውጤት ሳይታወቅ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዘዴ ወደ ሰርቨሩ ገብቶ እዚያው ማረም ነው። የይለፍ ቃል ስርቆት ያሳሰበው ታቱ ኢሎነን በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ኤስ.ኤስ.ኤች. ግንኙነቱን በምስጢር ይሸፍናል። ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. የጻፈው ቪአይ የተሰኘ ማረሚያም ለዝግተኛ መስመር የተመቸ ነው። በዚህ ዘዴ ፋይሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚመላለሰው የተጫነው ፊደልና የስክሪኑ መልክ ብቻ ነው። ትእዛዞቹ ለጀማሪ መክበዳቸው ግን አይካድም።

ሦስተኛው ዘዴ በ2019 እ.ኤ.አ. ለቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በወጣው የርቀት ማያያዣ የታወቀው ነው። ረዳት ፕሮግራሙ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ መስኮቱ በተማሪው ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል። ለሥራ የሚመሰገን መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ረዳት ፕሮግራሙ የሰርቨሩን ማስታወሻ ይሻማል፤ ብዙ ተማሪዎች የሚጋሩትን አነስተኛ ሰርቨር ሊያጨናንቅ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን ርቀቱን መሰወሩ ነው። ተማሪው በራሱ ፋይል ላይ የሚለማመድ መስሎት፣ ሌሎች እየተገለገሉበት ያለውን ፋይል ሊለውጥ ይችላል።

ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የመሣሪያዎቹን ቅደም ተከተል ሊያጤኑ ይገባል። ተማሪው በቅድሚያ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ጥቂት መስመሮችን ይረም፤ ቀጥሎ ቅጂ አውርዶ የሁለት ቅጂዎችን ግጭት በዓይኑ ይይ፤ ምቹው መሣሪያ በመጨረሻ ይምጣ። ፈተናውም «የትኛውን ቁልፍ ትጫናለህ?» ከማለት ይልቅ «ሳታስቀምጥ መስመሩ ቢቋረጥ ምን ይጠፋል? ምንስ ይተርፋል?» ብሎ ይጠይቅ። መሣሪያ ይለዋወጣል፤ ይህን መመለስ የቻለ ተማሪ ግን ነገ በሚመጣውም መሣሪያ አይደናገርም።