መርዶና የመድኃኒት ትእዛዝ፤ ስለ ዶክተር የውብዳር በየነ ሐተታ ከፊልቱ አንጻር

መርዶ በደጋው ኢትዮጵያ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። ወሬው ለባለቤቱ በድንገት አይደርሰውም፤ ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ይኬዳል፤ ኀዘንተኛው ደጋፊ ሳይኖረው ብቻውን እንዳይሰማ ይጠነቀቁለታል። ዶክተር የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. «ዌስተርን ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ለኢትዮጵያ በሽተኞች ክፉ ወሬን ስለ መንገር ያወጡት ሐተታ ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። የአሜሪካ ሐኪም የማይድን ደዌ ባገኘ ጊዜ ለበሽተኛው ፊት ለፊት መናገርን እንደ ግዴታ ይቈጥረዋል፤ ከኢትዮጵያ ለተሰደደው ሰው ግን ይህ ጭካኔ ይመስለዋል። ስለዚህ ነገሩ አስቀድሞ ለቤተ ዘመድ ቢነገርና እነርሱ ጊዜውንና አነጋገሩን መርጠው ቢያደርሱት እንደሚሻል ሐተታው ያስረዳል። የበሽተኛን ልማድ እንደ ድንቁርና ሳይሆን እንደ ሥርዓት አድርጎ በሕክምና መጽሔት ላይ ማቅረቡ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ «የኢትዮጵያ በሽተኞች» የሚለው አርእስት ከይዘቱ ይሰፋል። ከነገሌ ተነሥቶ ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ፊልቱ የደረሰ አንባቢ ጥያቄውን ሌላ መልክ ይዞ ያገኘዋል። ፊልቱ በሶማሌ ክልል የሊበን ዞን ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው አርብቶ አደር በአብዛኛው ሶማልኛ ይናገራል፤ በነገሌ በኩል ኦሮምኛ ይሰማል። የኢትዮጵያ ሐኪም ደግሞ ሙያውን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የበሽተኛውንም ካርድ የሚጽፈው በዚያው ነው። ሶማልኛ የማያውቅ ሐኪም በሆነ ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ የታሰበው በአማርኛ ተነግሮ ከአማርኛ ወደ ሶማልኛ ይሻገራል፤ የመጨረሻውን መሻገሪያ የሚይዘውም በሽተኛውን ደግፎ ያመጣው ልጁ ወይም ወንድሙ ሊሆን ይችላል። (በደረቱ ላይ የተተኰሰበት ጠባሳ ያለው በሽተኛ ሲቀርብም እንዲሁ ነው፤ መተኰስ በሶማሌዎች ዘንድ የቈየ ሕክምና ስለ ሆነ፣ የሚያነበው ቢገኝ ጠባሳው ያለ አስተርጓሚ ብዙ ይናገራል።)

እንግዲህ «አስቀድሞ ለዘመድ ይነገር» የተባለው እዚህ ላይ ምክር መሆኑ ይቀራል፤ ሐኪሙ ቢወድም ባይወድም ቋንቋው ራሱ ይፈጽመዋል። ልጁ ይሰማል፤ ያመነታል፤ ከሰማውም ቈርጦ ለአባቱ ይሰጣል። ሐኪሙ ግን የራሱን ቃል ስለ ጨረሰ በሽተኛው የሰማ ይመስለዋል።

ለማይድን ደዌ ይህ መጋረጃ ምሕረት ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ግን የሚድን በሽታ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት 2 ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ሳሉ ብዙ ጊዜ ከዚያ አስቀድሞ ይቀላል፤ በሽታው ምን እንደ ሆነ ያልተነገረው ሰው ዳንሁ ብሎ ቢተው ማን ይፈርድበታል? በሽታው ግን አገርሽቶ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሊሆን ይችላል። ሶማሌዎች «ቃሖ» ይሉታል፤ ስሙ ነውርን ያስከትላልና ልጁ ዘሎት «የደረት ሕመም ነው» ቢል ለአባቱ ክብር አዝኖ ነው። በ6 ወር ውስጥም ጉ ከተባለው ወይም ዴር ከተባለው ዝናብ አንዱ መምጣቱ አይቀርም፤ ግመሎቹም ወደ ግጦሽ ይነሣሉ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን የተባለው፣ ሽንትን እንደ ብርቱካን ያቀላል። ይህ ያልተነገረው እረኛ ከከተማ ርቆ ሳለ ቢያየው ደም መስሎት ክኒኑን ሊጥል ይችላል።

መርዶ የሚነገረው ሰው ከማልቀስ በቀር የሚሠራው የለውም፤ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን ዋናው ሠራተኛ ራሱ ነው። ጸሐፊዪቱ የተናገሩት ስለማይድን ደዌ ነውና ጥፋቱ ወደ እርሳቸው አይወርድም፤ ምክራቸውን ወደ በሽታ ሁሉ የሚዘረጋ አንባቢ ግን ይሳሳታል።

አማርኛውም ቢሆን የማያጠራጥር ድልድይ አይደለም። «ነቀርሳ» ከሳንባ ጋራ ሲነገር ይህንኑ የሚድነውን በሽታ፣ ያለ ሳንባ ሲነገር ደግሞ ካንሰርን ያመለክታል፤ ያልለየ አስተርጓሚ የሚድነውን የማይድን ሊያደርገው ይችላል። ሕዝቡ «ደም ብዛት» የሚለውን ሶማልኛው «ዲግ ካር» ይለዋል፤ ትርጓሜው የደም መፍላት ነው። የበዛ ይቀነሳል፤ የፈላ ይበርዳል፤ ዕድሜ ልክ ክኒን መዋጥ ግን ከሁለቱም ስሞች አይወጣም። «መድኃኒት» የሚለው ቃል ራሱ «ዳነ» ከሚለው ጋራ አንድ ሥር አለው፤ ፈጽሞ ሳያድን ዕለት ዕለት የሚወሰደውን ነገር በዚሁ ስም ማስረዳት ለአማርኛ ተናጋሪም ቀላል አይደለም።

ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ ቢቆም ይሻላል ይባል ይሆናል። እርሱ የበሽታውን ስም ሳይፈራ ይናገራል፤ ነገር ግን የአገሩ ተወላጅ ከሆነ የበሽተኛውን ጎሣ ያውቃል፤ በሽተኛውም ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ቃል ያሳጥራል። ስለዚህ በፊልቱ ይህን ጉዳይ የሚያጠና ሰው ሐኪሙን ብቻ ጠይቆ ቢመለስ ሥራው ጎደሎ ይሆናል። ሐኪሙ ያለውን፣ አስተርጓሚው ያለውን፣ በሽተኛውም ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የነገራትን ጎን ለጎን ሊጽፍ ይገባዋል፤ ሦስተኛውን ለማግኘትም የክኒኑን ከረጢት እስከ ግመሎቹ በረት ድረስ መከተል ያስፈልገዋል።