«ይበልጣል» ማለትና ማመዛዘን፤ በስልክ ማስታወቂያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ዕቃን ከዕቃ፣ አገልግሎትን ከአገልግሎት አወዳድሮ ማስተዋወቅ በራሱ ነቀፌታ የለበትም፤ ገዢ የሚሻለውን ለይቶ እንዲያውቅ ይረዳዋልና። ነቀፌታው የሚመጣው ማስታወቂያው የንጽጽርን መልክ ይዞ የንጽጽርን ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ነው። እኛም እዚህ የምንመረምረው ግልጥ ውሸትን ሳይሆን፣ ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ከቃሉ የማይወጣውን ማስታወቂያ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ብቻ የቆየው የስልክ አገልግሎት ተወዳዳሪ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ በጀመረ ጊዜ ነው። በመርሳ ፓፓያና ማንጎ የሚሸጥ ገበሬ የደሴን ዋጋ በስልክ ስለሚጠይቅ፣ በሲም ካርድና በቀፎ ምርጫ ቢሳሳት የሚጎዳው ገቢው ነው። ስለዚህ ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

አንደኛው ስሕተት ግማሽ ንጽጽር ነው። «የእኛ ይፈጥናል» ይባላል፤ ከምን እንደሚፈጥን ግን አይነገርም። ሚዛን ሁለት ሳሕን ሲኖረው ይህ ማስታወቂያ በአንዱ ብቻ ጭኖ ፍርድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ከፊሉን ለመላው ምስክር ማድረግ ነው፤ ለእኛ አውራጃ ከሁሉ የሚከፋውም ይህ ነው። በአዲስ አበባ የተለካ ፍጥነት በዚያው ስፍራ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመርሳ በስተ ምዕራብ ከሚነሡት ተራሮች ሥር ላለ ሰው ማስረጃ አይሆንም። የሬዲዮ ሞገድ በርቀት ይደክማል፤ ተራራም ያግደዋል፤ በአንድ ማማ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። እንግዲህ ስፍራውና ሰዓቱ ያልተገለጠ ፍጥነት ለሐብሩ ሰው ምንም አልነገረውም። «እስከዚህ ድረስ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ይመደባል፤ ጣራውን እንጂ ወለሉን አያሳይምና።

ሦስተኛው ቁጥርን በጥራት ቦታ ማስቀመጥ ነው። 108 ሜጋፒክስል ካሜራ ያላቸው ብዙ ቀፎዎች በተለመደው አነሣስ ዘጠኙን ነጥብ አንድ አድርገው 12 ሜጋፒክስል ሥዕል ያወጣሉ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሥዕሉን ጥራት ሌንሱና የብርሃን መቀበያው ስፋትም ስለሚወስኑት፣ ቁጥሩ ብቻውን አያስፈርድም።

አራተኛው በብዛት ወይም በአዲስነት መሟገት ነው። ነባሩ «ብዙ ደንበኛ አለኝ» ቢል፣ ሕዝቡ ሌላ ምርጫ ባልነበረው ዘመን የተሰበሰበ ብዛት የመመረጥ ማስረጃ አይሆንም። መጤውም «አዲስ ነኝ» ቢል፣ አዲስ መሆን መሻል አይደለም።

«ማስታወቂያ አጭር ስለሆነ ሁሉን ሊናገር አይችልም» የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። ይሁን እንጂ «በመርሳ፣ በገበያ ቀን፣ ይህን ያህል» ለማለት አንድ መስመር ይበቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በንግድ ማስታወቂያ ሐሰተኛ ወይም አሻሚ ንጽጽር ማድረግን ከልክሏል፤ ሆኖም ሕግ ገዢውን ተክቶ አያስብለትም።

በቀድሞው የአገራችን ሙግት «እማኝ ቁጠር» የተባለ ተሟጋች ምስክሩን ማቅረብ ግዴታው ነበር። እኛም ማስታወቂያውን ከምን? የት? መቼ? በምን መለኪያ? ብለን እንጠይቀው፤ መልስ ከሌለው ገንዘባችንን በኪሳችን እናቆየው።