ድኻን ለማየት የሚደረግ ጉዞ፤ በአረቅጥ የመስቀል ሰሞን ላይ የቀረበ ሒስ

በየዓመቱ የመስከረም ወር አጋማሽ ሲቃረብ፥ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች መስቀልን ከዘመዶቻቸው ጋር ለማክበር ወደ ሀገራቸው ይጎርፋሉ። በጉመር ወረዳ በምትገኘው በአረቅጥና በአካባቢዋ መንደሮችም በዚያ ሰሞን ከተማ ተወልደው ያደጉ ብዙ ሕፃናት በጀፎረው ላይ ሲሯሯጡ ይታያሉ። ከወላጆቻቸው አንዳንዶቹ የጉዞውን ዓላማ ሲገልጹ፥ ልጆቹ በድሎት ያደጉ ስለ ሆኑ ድኻ እንዴት እንደሚኖር አይተው እንዲያመሰግኑ ነው ይላሉ። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሳብ መመርመር ነው።

አሳቡ ከበጎ ልብ የመነጨ መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን ጊዜው ራሱ ልጁን ያሳስተዋል። መስቀል የዓመቱ ታላቅ በዓል እንደ መሆኑ መጠን፥ ሴቶች ሲያጠራቅሙት የቆዩት ቅቤ የሚወጣበት፥ አባወራዎችም ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ የሚያርዱበት ወቅት ነው። ስለዚህ በገበታው ላይ የሚቀርበው ክትፎ የአዘቦት ቀን ምግብ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ልጁ በከተማ የለመደውን ዕቃ በጎጆው ውስጥ ሲያጣ፥ ባለቤቶቹን ምንም የሌላቸው አድርጎ ይገምታቸዋል። ሁለቱም ግምት ከእውነት የራቀ ነው። በዚያ ሀገር የአንድ ቤት ሀብትም ሆነ ድህነት ከሁሉ በፊት የሚታወቀው በጓሮ በቆመው እንሰትና በጉድጓድ በተቀበረው ቆጮ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ በእንግድነት ሳለሁ፥ አንድ አባት ዐሥር ዓመት የሚሆነውን ልጁን «ሰው እንዴት እንደሚኖር እይና አምላክህን አመስግን» ሲለው ሰማሁ። የልጁ አያትም ሰምተው ኖሮ፥ «የኔ ጌታ፥ በናንተ ጓሮ ስንት እንሰት አለ?» ሲሉ ጠየቁት። አንድም እንደሌለ ነገራቸው። «ታዲያ ክፉ ዓመት ቢመጣ ምን ልትበሉ ነው?» አሉት። ልጁ መልስ አጣ፤ አሮጊቷም ከልባቸው አዘኑለት።

የአሮጊቷ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ፥ ድርቅን በመቋቋምም የታወቀ ተክል ነው፤ በችግር ጊዜ እየተቆረጠ ይበላል። በእርሳቸው ሚዛን ሲታይ፥ ከወር ደመወዝ በቀር ተቀማጭ የሌለው የከተማ ቤት ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ይህ የአመለካከት ስሕተት የሕፃናት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህል በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ዋና ሥራ ነው። ይኸው ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ በየቤቱ በቂ ቆጮ ተከማችቶ ሳለ ሰዎቹ በገበታ ላይ ቁጥብ መሆናቸውን አስተውሎ፥ ነገሩን ከረኃብ ሥጋት ጋር አያይዞ ተርጉሞታል። ያስተዋለው ነገር እውነት ነው፤ ትርጓሜው ግን ያከራክራል። የዓመታት ድካም የሆነውን ሀብት ቆጥቦ መብላት ሥጋት ብቻ ሳይሆን የቤት አስተዳደር ዕውቀትም ነው። በአንጻሩ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው፥ በቮልፍ ሌስላው ተተርጕሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው የሺነጋ መንደር ታሪክ፥ ኑሮውን የሚያሳየን በዚያው በሚያድግ ልጅ በኩል ነው። ስለዚህ አንባቢው ለሰዎቹ ከማዘኑ በፊት ያውቃቸዋል።

እኔም በውጭ ሀገር ተማሪ ሳለሁ፥ ስለ ሀገሬ ኑሮ እንድናገር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተጋብዤ ነበር። ሕፃናቱ ምግብ እናገኝ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ መምህራቸውም ባላቸው ነገር እንዲያመሰግኑ መከሯቸው። ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ስለ እኔ አንዳች ሳያውቁ አመስግነው መሄዳቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ያንኑ ነገር በገዛ አያቶቻችን ላይ ስንፈጽመው ማየት የበለጠ ያሳዝናል።

በአረቅጥ ድህነት የለም ማለቴ አይደለም። የእርሻ መሬት ጠቧል፤ እንሰቱን የመፋቅ ከባድ ሥራ በሴቶች ትከሻ ላይ ነው፤ እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታም የብዙ ዓመት ልፋት ያጠፋል። ይህ ግን በሁለትና በሦስት የበዓል ቀን አይታይም። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን እንሰት በሚፋቅበት ወራት ጭምር ይዘው ቢሄዱ፥ ከአክስቶቻቸው ጋር ሥራ ቢያሲይዟቸው፥ አባታቸው ወደ ከተማ ሲወጣ ስንቁን ማን እንዳሰናዳለት ቢነግሯቸው ይሻላል።

ለማኅበራችን ተማሪዎችም የቀረ ሥራ አለ። እንግዳው ስለ ባለሀገሩ የጠየቀውን እስከ ዛሬ ብዙ መዝግበናል፤ ባለሀገሩ ስለ እንግዳው የሚጠይቀውን ግን ገና በሚገባ አልመዘገብንም።