ጫማ ማውለቂያው ጋ

አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መጫወቻ ክፍላችን ሲመጣ የምጠብቀው ኳስ ገንዳው ጋ ሳይሆን በሩ ላይ፣ ጫማ የሚወለቅበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ ነው። ጫማውን እንዴት እንደሚያወልቅ ማየት ከሐኪም ወረቀቱ ይልቅ ብዙ ይነግረኛል። ካልሲዬን አላወልቅም ብሎ የሚያለቅስ አለ፤ የወለሉ ቅዝቃዜ ለእሱ ሕመም ነው። ጫማውን ወርውሮ በባዶ እግሩ እየዘለለ፣ ግድግዳውን በትከሻው እየገጨ የሚገባ አለ፤ ይኸኛው ሰውነቱ እንዲሰማው ጠንከር ያለ ነገር ይፈልጋል። እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸሽጎ ጆሮውን በሁለት እጁ የሚደፍንም አለ። ሦስቱም ወረቀታቸው ላይ «ኦቲዝም» የሚል አንድ ቃል ተጽፎላቸው ይሆናል፤ አንዱን የሚያስደስተው ግን ሌላውን ያስጮኸዋል።

ወላጅ ቸኩሎ ነው የሚመጣው፤ አልፈርድበትም። ታክሲ ውስጥ የሰው ዓይን ችሎ፣ «ምነው፣ ልጅሽን አትቀጪውም?» የሚል ምክር ሰምቶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ «ቲቸር፣ ዥዋዥዌውንም፣ ኳሱንም፣ ሁሉንም ይሞክርልኝ» ይላል። እኔ ደግሞ ሥራዬን የምጀምረው በማጥፋት ነው። ቀለም የሚቀያይረውን መብራት አጠፋለሁ፤ ሙዚቃውን አጠፋለሁ፤ አፌንም እዘጋለሁ። (የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅማ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አደጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ሳልጠይቅ ምንም አላበራም።) ወለሉ ላይ ጎኔን ሰጥቼው እቀመጣለሁ እንጂ ስሙን እየጠራሁ «ና፣ እይ፣ ያዝ» አልለውም። ብዙ ብር የወጣባቸው ዕቃዎች ሳይነኩ ደቂቃዎች ሲነጉዱ የአባትየው ፊት ሲጠቁር ይታየኛል። ልጁ ዓይኑን የጣለበት፣ የሸሸው፣ ዞሮ ዞሮ የተመለሰበት ነገር ሁሉ ግን የሚታየው እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው።

ይህ ዓይነቱ የስሜት ሕዋሳት መጫወቻ ክፍል ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ጂን ኤርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ አንጎል ከአካል የሚደርሰውን መልእክት ማደራጀት ሲያቅተው ትምህርቱም ጠባዩም እንደሚታወክ አስረዳች። ከማየትና ከመስማት ይልቅ ትኩረቷ በውስጠኛው ጆሮ ባለው የሚዛን ስሜት፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ስሜት እንዲሁም በመዳሰስ ላይ ነበር። ሁለተኛው ምንጭ ኔዘርላንድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያን ሁልሰገ እና አድ ፈርሁል በደ ሃርተንበርግ ማዕከል ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች «ስኑዘለን» ያሉትን ደብዘዝ ያለ ክፍል አዘጋጁ። እዚያ የሚሰጥ ትምህርት የለም፤ የገባው ሰው ያሻውን መርጦ ያርፋል። ዛሬ ዕቃ ሻጮች ሁለቱን አደባልቀው ይሸጡልናል። እኔ ከሆላንዶቹ ልጁን መተውን፣ ከኤርስ ደግሞ እየተዉ ማየትን ተምሬያለሁ።

ለምሳሌ ዥዋዥዌ። ወደፊትና ወደኋላ በዝግታ ሲሆን ብዙ ልጆችን ያረጋጋል፤ ሲሽከረከር ግን ያነቃል፣ ያ መነቃቃትም ልጁ ከወረደ በኋላ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ በደስታ ተሽከርክሮ የሄደ ልጅ ማታ እንቅልፍ ቢነሳቸው ቤተሰቡ ምክንያቱን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ እጄ ገመዱ ላይ ቢሆንም ዓይኔ ከፊቱ አይነሳም። ከገረጣ፣ ካላበው ወይም ደጋግሞ ካዛጋ፣ እየሳቀም ቢሆን አቆማለሁ። ሳቅ ሁሉ ደስታ አይደለም፤ መጠኑ ያለፈበት ልጅም ይስቃል።

በውጭ አገር ቪዲዮዎች የሚታየው የሩዝና የምስር ገንዳ እኛ ጋ የለም። አንዲት አያት ሐሳቡን ስነግራቸው «ልጄ፣ እህል ይረገጣል እንዴ?» አሉኝ፤ ለዚህ መልስ የለኝም፣ ልፈልግለትም አልፈልግም። የእህል ዋጋ እንዲህ በናረበት ከተማ ምስር በገንዳ ሞልቶ ልጅን ማስረገጥ ያሳፍራል። በምትኩ የታጠበ የወንዝ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ባዘቶ እናቀርባለን፤ ያገኘውን ወደ አፉ ለሚከት ልጅ ግን ትንንሾቹን እናነሳለን። ባዘቶውን ያዩት እኚሁ አያት በሌላ ቀን እንዝርታቸውን ይዘው መጡና ጥግ ላይ ቁጭ ብለው መፍተል ጀመሩ። ሰው ሲነካው የሚሸሸው የልጅ ልጃቸው የሚሾረውን እንዝርት አፍጥጦ ሲያይ ቆየና መዳፉን ባዘቶው ውስጥ ከተተ። እኔ ያንን ቀን የሠራሁት ነገር ቢኖር «ጎበዝ!» ብዬ አለመጮሄ ነው።

ክፍላችን ያለበት የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰፈር ራሱ ድምፅና ሽታ ለሚጎዳው ልጅ ፈተና ነው። የወያላው ጥሪ፣ ክላክሱ፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው የድምፅ ማጉያ ድምፅ፣ የሚቆላው ቡና ሽታ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚደርስበት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲፈርስ ደግሞ የኤክስካቫተሩ ጉርምርምታ ተጨመረ። አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ሮጦ ለሚያመልጥ ልጅ እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የጎደለው ሌላ ነው። ልጁ ከቤት ሲወጣ ስሙን ጠርቶ የሚመልሰው ባለሱቅ፣ «የእገሊት ልጅ እንዲህ ነው» ብሎ ለመንገደኛ የሚያስረዳው ጎረቤት ተበትኗል። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከከተማዋ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ገብተዋል፤ ከዚያ እኛ ጋ ድረስ ልጅ ይዞ መምጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። በየሳምንቱ ይመጣ የነበረ ቤተሰብ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉን የማየው እንደ መጫወቻ ሳይሆን ልጁን እንደማነብበት ቦታ ነው። ያነበብኩትን ቤት ይዘውት መሄድ ካልቻሉ ጉብኝቱ ከሽርሽር አይበልጥም። ግድግዳ የሚገጨው ልጅ ቤት ውስጥ ቡና ይውቀጥ፤ ሙቀጫና ዘነዘና ለክንድና ለትከሻ መገጣጠሚያ ከትራምፖሊን አያንስም። (ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።) በከፊል የተሞላ ጀሪካን ይሸከም፣ የታጠበ ልብስ ይጭመቅ። ጠበቅ ያለ ነገር የሚያረጋጋውን ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖ፣ ሲፈልግ ራሱ መውጣት በሚችልበት መንገድ በጋቢ ይጠቅልሉት። እናቶች «ድሮ ሳዝለውና እሹሩሩ ስለው ነበር የሚተኛው» ይሉኛል። በትክክል፤ ያ ጥብቀትና ያ ምት ልጁ የሚፈልገው ነገር ነበር፣ የከበደው ልጁ ስላደገ ብቻ ነው። ጠበል ሲረጩት የሚያብደውንም ልጅ «አይሂድ» አልልም። ፊቱ ላይ ድንገት ከመፍሰሱ በፊት ራሱ በእጁ በኩባያ ውስጥ ይንካው፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ ክንዱን።

ክፍሉ ያድናል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለስሜት ሕዋሳት መልእክት የሚሰጥ የበዛ ወይም ያነሰ ምላሽን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎታል፤ ችግሩ እውነተኛ ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን አልተረጋገጠም። እንግሊዝ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች እንቅልፍ እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ልጆቹም ወላጆቹም ግን ብርድ ልብሱን ከተራው አስበልጠው ወደውታል። ጋቢውን የምመክረው ይህን እያወቅሁ ነው፤ ለእንቅልፍ መድኃኒት ብዬ ሳይሆን ልጁ ስለሚወደው።

እኛ አገር መንገዱን የከፈተችው ባለሙያ ሳትሆን እናት ነች። ዘሚ የኑስ ትምህርት ቤቶች ልጇን አንቀበልም ሲሏት በ1994 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች። ፊደላችንን መሠረት አድርጋ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጀች። በ2013 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ወላጆች የደበቁትን ልጅ እንዲያወጡ በየመድረኩ ትለምን ነበር። እሷ ስትጀምር አገር ውስጥ የሠለጠነ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ አልነበረም። አሁን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በዚህ ሙያ ዲግሪ ይሰጣል። ከዚያ የሚመረቁት ወጣቶች ግን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ክፍሎች ውስጥ መደብ ካላገኙ ወይ በግል ክሊኒክ ወይ በውጭ አገር ይቀራሉ።

አልፎ አልፎ ደግ ሰው ደውሎ «ለልጆቹ ምን ልግዛ?» ይለኛል፤ በስልኩ ላይ ያየውን አረፋ የሚወጣበትን ባለመብራት ቱቦ ማለቱ ነው። «ገላን ጉራ ድረስ ሄዶ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ደመወዝ ቻልልን» እለዋለሁ። ከተረፈ ደግሞ በረኪና። ኳሶቹ በየቀኑ ይታጠባሉ።